ከቢራ አተላ እስከ ሬይሺ፦ መድኃኒትነት ያላቸውን እንጉዳዮች በፋብሪካ ተረፈ ምርት ማብቀል

የምግብና የመጠጥ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ለእንጉዳይ ግሩም ቀለብ ነው። ለሻጋታ፣ ለባክቴሪያና ለትንኝም እንዲሁ ግሩም ቀለብ ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ ማብቀያው በምግብ በበለጸገ ቁጥር ሰዓቱም፣ ሙቀቱም፣ ንጽሕናውም የበለጠ ጥብቅ መሆን አለበት። ባዶ ጭድ ላይ ትንሽ ቸልታ ያልፋል። የቢራ አተላ ላይ አያልፍም።

የትኛውን እንጉዳይ?

ለጀማሪ ኦይስተር፣ ልምድ ላካበተ ሬይሺ። ይህ ቅደም ተከተል የሚዘለል አይደለም።

ኦይስተር በፍጥነት የሚያድግ፣ ብዙ ዓይነት ተረፈ ምርት የሚበላ፣ ለወጥም ለጥብስም የሚሆን እንጉዳይ ነው። በውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል ለበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጥናት ብዙ የተፈተነ የስኳር ሰንሰለት አለው። አንዳንድ ዝርያዎቹ ደግሞ በፋርማሲ ለኮሌስትሮል የሚሸጠውን ሎቫስታቲን በተፈጥሮ ያመርታሉ። ያ ማለት ግን አንድ ሳህን እንጉዳይ የሐኪም ማዘዣ ይተካል ማለት አይደለም፤ መጠኑ በዝርያው፣ በማብቀያውና በአያያዙ ይለያያል።

ሬይሺ፣ በቻይና ሊንጂ የሚባለው፣ ቀይ ቡናማ ቀለም ያለውና ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል፣ እንደ እንጨት የሚጠነክር እንጉዳይ ነው። አይበላም፤ ተቆራርጦ ይፈላና ውኃው ይጠጣል። ምሬቱ ጋኖደሪክ አሲድ ከሚባሉት ውህዶች የሚመጣ ነው። በቻይናና በጃፓን ባህላዊ ሕክምና ለዘመናት ሲሠራበት የቆየ ነው።

ሺታኪም በመድኃኒትነቱ ስሙ የገነነ ነው። ጃፓን በ1985 ከሺታኪ የሚወጣውን ሌንቲናን ለጨጓራ ካንሰር ከኬሞቴራፒ ጋር እንዲሰጥ ፈቅዳለች። ያ ግን ተጣርቶ በመርፌ የሚሰጥ ንጥረ ነገር እንጂ የሺታኪ ወጥ አልነበረም። ሺታኪ ድሩ፣ ማለትም በማብቀያው ውስጥ የሚሰራጨው ሥር መሰል ነጭ ክር፣ ለመብሰል ወራት ስለሚወስድና ለማፍራትም የቅዝቃዜ ማነቃቂያ ስለሚፈልግ እዚህ አንገባበትም።

የሚኖሩበት ቦታ ምርጫውን ግማሽ ያህል ይወስንልዎታል። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ለኦይስተር የተመቹ ናቸው፤ የአየሩ ቅዝቃዜ ለማፍራት ያግዛል፣ የትንኝ ችግርም ይቀንሳል። ሬይሺ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይወዳል። ስለዚህ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ያለ ሰው በትንሽ ማሞቂያ ሊያበቅለው ሲችል፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ክፍል ማሞቅ ይኖርበታል። የኤሌክትሪኩን ወጪ አስልተው ይግቡበት።

ተረፈ ምርቱን መምረጥ

የቢራ አተላ ስል ፋብሪካው የገብስ ብቅሉን በሙቅ ውኃ አላቁጦ ጣፋጩን ፈሳሽ ከወሰደ በኋላ የሚቀረውን እርጥብ ገለባ ማለቴ ነው። ይህ እርሾ ከመግባቱ በፊት የሚወጣ ነው። የጠላ አተላ ሌላ ነገር ነው፤ እርሾ፣ ጌሾና አልኮል ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዳሸንና ሐበሻ፣ በቂሊንጦ ሄኒከን፣ በኮምቦልቻ፣ በሐረርና በበደሌም ሌሎች ፋብሪካዎች አሉ። ከእርስዎ ቀድመው የተሰለፉት የወተት ላም አርቢዎች ናቸው፤ አተላው ዋና መኗቸው ነው። በመኪና ጭነት ከመግዛት ይልቅ ከአንድ አርቢ ወይም ከአከፋፋይ ላይ በጆንያ መካፈል ለጀማሪ ይሻላል። ከ10 ጆንያ አተላ ዘጠኙ ሳይሠራበት ሲበላሽ ማየት አያስደስትም።

እርጥብ አተላ ከክብደቱ ከ75 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። ከደረቁ ክፍል ከአምስት አንዱ ያህል ፕሮቲን ነው። ኃይሉም አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

የስንዴ ፉርሽካ ቀላሉ አማራጭ ነው። ደረቅ ሆኖ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ በየዱቄት ፋብሪካው በር ይገኛል። አተላ ማግኘት ካልቻሉ በዚህ መመሪያ ውስጥ አተላ ባልኩበት ሁሉ በደረቅ ክብደት ያህል ፉርሽካ ይተኩ።

የቡና ገለፈት፣ ጅማንና ሌሎች ደረቅ ቡና የሚፈለፈልባቸውን አካባቢዎች የሚያጨናንቀው፣ ኦይስተርም ሬይሺም ይበሉታል። ነገር ግን ካፌይንና ታኒን አለበት። ካፌይኑ በከፊል ወደ እንጉዳዩ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ በፈላ ውኃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉት፣ ከዚያም ከጠቅላላው ደረቅ ማብቀያ ከግማሽ አያስበልጡት።

የሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ ማለትም ባጋስ፣ በወንጂና በመተሐራ የስኳር ፋብሪካዎች ማሞቂያ ውስጥ ይነዳል። ትርፍ ካገኙ እንደ ጭድ መሠረት አድርገው ይጠቀሙበት፤ ናይትሮጅን ግን የለውም ማለት ይቻላል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ተፈጭቶም እንዲሁ ያገለግላል።

ፋጉሎን፣ ማለትም የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን፣ በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ለመድኃኒት በሚፈለግ እንጉዳይ ላይ አያስገቡት። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት መኖ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የኑግ ፋጉሎ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ በብዛት አግኝተዋል። አፍላቶክሲን በእንፋሎት ሙቀት አይጠፋም። ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። ታማሚ ሰው ሊጠጣው በሚችል ምርት ላይ ይህን አደጋ መውሰድ ትርጉም የለውም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። እንጉዳይ ካድሚየምን፣ እርሳስንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ከማብቀያው ይሰበስባል። ስለዚህ ከቆዳ ፋብሪካ አጠገብ የተከማቸ፣ ከጎማና ከዘይት ጋር የተቀላቀለ፣ ከመኪና መንገድ ዳር የተሰበሰበ ነገር ሁሉ ከዚህ ሥራ ውጭ ነው። ከእንጨት ቤት የሚገዙት ሰጋቱራም ከኮምፖርሳቶና ከኤምዲኤፍ ያልመጣ መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ሙጫ አለበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ 200 ሊትር በርሜል ከክዳኑ ጋር፣ ከውስጡ የሚቀመጥ የብረት ፍርግርግ፣ ማገዶ ወይም ጋዝ፣ ቴርሞሜትር፣ የአየር እርጥበት መለኪያ፣ ሚዛን፣ 70 በመቶ አልኮል፣ በረኪና፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ጥጥ፣ ኖራ፣ ጀሶ። ለሬይሺ ደግሞ ትልቅ ባለ ግፊት ድስት ቢኖር መልካም ነው።

ከረጢቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በበርሜል እንፋሎት ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ወፍራም ተራ ላስቲክ ይበቃል። ባለ ግፊት ድስት ውስጥ ግን ተራው ይቀልጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ይጠይቁ። ልዩነቱን በጣት መለየት ይቻላል፤ ፖሊፕሮፒሊን ሲጨበጥ ጠንከር ብሎ ይንኮሻኮሻል፣ በጣም ግልጽም ነው።

የእንጉዳይ ዘር፣ ማለትም ድሩ የወረሰው እህል፣ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ወይም ከታወቀ ዘር አምራች ይግዙ። ጤናማ ዘር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፣ ሲሸቱት ትኩስ እንጉዳይ ይሸታል። ኮምጣጣ ከሸተተ፣ ቢጫ ፈሳሽ ካቆረ፣ አረንጓዴ ነጥብ ካለበት ይመልሱት። ሬይሺን ከጫካ ዛፍ ላይ ለቅሞ ዘር ለማድረግ አይሞክሩ፤ የሚመሳሰሉት ዝርያዎች ብዙ ናቸው፣ በዓይን መለየትም ለባለሙያ እንኳ አስቸጋሪ ነው።

ደረጃ 1፦ አተላውን በደረሰበት ቀን መያዝ

ትኩስ አተላ የሞቀ ዳቦ ይሸታል። በማግስቱ ይኮመጥጣል፣ በሦስተኛው ቀን ማንም ሊጠጋው አይፈልግም። በቆላ ደግሞ ማግስትንም አይጠብቅም። ስለዚህ በመጣበት ቀን ከሁለቱ አንዱን ያድርጉ፤ በዚያው ቀን ቀላቅለው በእንፋሎት ያስገቡት፣ ወይም ጨምቀው ያድርቁት።

ለማድረቅ በንጹሕ ሸራ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግተው በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡ። በበጋ ፀሐይ በሁለት ቀን ይደርቃል። በእጅ ሲጨብጡት ሳይጣበቅ ከተበተነና ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ከተሰበረ ደርቋል፤ በጆንያ አድርገው ከመሬት ከፍ ያድርጉት። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ዘዴ አይሠራም። ለክረምት የሚሆነውን በግንቦት ያከማቹ፣ አለዚያ ክረምቱን በፉርሽካ ይለፉ።

ደረጃ 2፦ ለኦይስተር መቀላቀል

አንድ በርሜል የሚሞላ ቅልቅል እነሆ፦ 8 ኪሎ ደረቅ ጭድ፣ 4 ኪሎ የተጨመቀ እርጥብ አተላ፣ 90 ግራም ኖራ፣ 90 ግራም ጀሶ።

ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የሚያገኙት አተላ እንደኔው አይሆንም። 4 ኪሎ እርጥብ አተላ ውስጥ 1 ኪሎ ያህል ብቻ ደረቅ ነገር አለ። ከጭዱ ጋር 9 ኪሎ ደረቅ ይሆናል። ማብቀያው 65 በመቶ ውኃ እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ስለዚህ 9ን ለ0.35 ሲያካፍሉ ጠቅላላ ክብደቱ 26 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ከዚህ ውስጥ 17 ኪሎው ውኃ ነው። አተላው 3 ሊትር ያህል ይዞ መጥቷል፣ ጭዱም በተፈጥሮው አንድ ሊትር የማይሞላ አለበት። የሚጨምሩት 13 ሊትር ያህል ነው። ውኃውን ግን በአንድ ጊዜ አያፍስሱት፤ 10 ሊትር አድርገው ቀላቅለው፣ አንድ ሰዓት አቆይተው፣ ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። እፍኝ ይዘው አጥብቀው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ቢታይ ልክ ነው። በጅረት ከወረደ በጣም ረጥቧል፤ ደረቅ ጭድ ይጨምሩ።

የጤፍ ጭድ ስስ ስለሆነ ረጥቦ ሲጨመቅ ይታመቃል፣ አየርም ያጣል። ከስንዴ ወይም ከገብስ ጭድ ጋር እኩል ቢቀላቅሉት፣ ወይም ሩቡን በቡና ገለፈት ወይም በተሰባበረ ቆረቆንዳ ቢተኩት የነጩ ድር ጉዞ ይፈጥናል። የስንዴውን ጭድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ።

አተላው ጥሩ ከሆነ ለምን እጥፍ አላደርገውም የሚል ሰው አይጠፋም። በመጀመሪያው ዙር አያድርጉ። ናይትሮጅን ሲበዛ ከረጢቱ ከውስጥ ይሞቃል፣ ባክቴሪያ ይቀድማል፣ አረንጓዴ ሻጋታ ይከተላል። አተላው ከደረቁ ክብደት 10 በመቶ ገደማ ሆኖ ሦስት ዙር ያለ ብክለት ከወጡ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ይሂዱ። ከዚያ በላይ የሚያወጡት ምርት የሚያጡትን ከረጢት አይክስም።

ደረጃ 3፦ በእንፋሎት መቀቀል

ቅልቅሉን በየከረጢቱ 2 ኪሎ ያህል እየሞሉ ይጠቅጥቁ፤ ጠበቅ ይበል እንጂ ድንጋይ አይሁን። የከረጢቱን አፍ በአጭር የፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው በጥጥ ይድፈኑት። በርሜሉ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ፣ በላዩ ፍርግርጉ፣ በፍርግርጉ ላይ ከረጢቶቹ። እንፋሎት እንዲዞር በመካከላቸው ክፍተት ይተዉ። ክዳኑ ላይ የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳ የግድ መኖር አለበት፤ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ በርሜል ይፈነዳል። እሳቱም ከቤት ውጭ ይሁን። የከሰል ጭስ በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

አሁን ብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች ወደማይነግሩን ነገር እንምጣ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሌላ አገር ሁለት ሰዓት የተባለው እዚህ አይበቃም። ለዚህ የኦይስተር ቅልቅል እንፋሎቱ በቀዳዳው በኃይል መውጣት ከጀመረ በኋላ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያቆዩት። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው እሳቱ ሲለኮስ ሳይሆን እንፋሎቱ ሲወጣ ነው። ውኃው ሊያልቅ ሲል የፈላ ውኃ ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ከጨመሩ ሙቀቱ ይወርድና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ባለ ግፊት ድስትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በመለኪያው ላይ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 117 ገደማ ነው። በመጽሐፍ ሁለት ሰዓት የተባለውን ሦስት ያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ዘር መዝራት

ከረጢቶቹ በዚያው በተዘጋው በርሜል ውስጥ አድረው ይቀዝቅዙ። መካከላቸው ከ30 ዲግሪ በታች ካልወረደ ዘሩ ተቀቅሎ ይሞታል። ዘሩ ወደ ቅልቅሉ የሚገባበት ክፍል ከአንድ ቀን በፊት በበረኪና የተወለወለ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ንፋስ የማይገባበት ይሁን። ጠዋት ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ አቧራው ተኝቶ እያለ መሥራት ጥሩ ነው። ከአተላ ክምር ቀጥታ ተነስተው ወደዚህ ክፍል አይግቡ፤ ልብስ ቀይረው፣ እጅ ታጥበው፣ ጓንት በአልኮል አርጥበው ይግቡ።

የዘሩን ጠርሙስ አፍ በአልኮል ይጥረጉ፣ ዘሩን ነቅንቀው ይበታትኑት። ለ26 ኪሎ ማብቀያ 1.3 ኪሎ ያህል፣ ማለትም 5 በመቶ ዘር ያስፈልጋል። በየከረጢቱ 100 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። ጥጡን አንስተው፣ ዘሩን አስገብተው፣ ጥጡን መልሰው፤ ሁሉም በጥቂት ሰከንዶች ይለቅ። ዝም ብለው ይሥሩ፤ አፍ ጀርም የሚበትን ነው።

ደረጃ 5፦ ድሩ እስኪሞላ መጠበቅ

ጨለማ፣ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ፣ ከረጢቶቹ ተደራርበው ሳይሆን አራት ጣት ያህል ተራርቀው። ይህ መራራቅ በጭድ ብቻ ለሚሠራ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ አተላ ላለበት ግን ወሳኝ ነው። ድሩ ሲበላ ሙቀት ያወጣል፣ የተደራረቡ ከረጢቶች መካከላቸው ክፍሉ ከሚያሳየው ብዙ ዲግሪ ከፍ ሊል ይችላል። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን በሁለት ከረጢቶች መካከል ያስገቡ። ከ30 ካለፈ አየር ይስጡ።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ከረጢቱ ነጭ ይለብሳል። በየሁለት ቀኑ ይቃኙ። አረንጓዴ ያየ ከረጢት ሳይከፈት ከክፍሉ ይውጣ፤ ከፍቶ ማሽተት ዱቄቱን በክፍሉ መበተን ነው።

ደረጃ 6፦ ኦይስተርን ማፍራት

ነጩ ከሞላ በኋላ ከጎኑ በምላጭ ሦስት አራት ቦታ ይሰንጥቁና ወደ ማፍሪያ ክፍል ያዛውሩ። እዚያ የሚፈለገው ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ85 እስከ 90 በመቶ የአየር እርጥበት፣ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃንና ንጹሕ አየር ነው። ወለሉንና ግድግዳውን ያርጥቡ፣ ጆንያ አርጥበው ይስቀሉ። ውኃውን በጉም መልክ በአየሩ ላይ ይርጩ፤ በቀጥታ ትንንሾቹ ራሶች ላይ ከወረደ ይበሰብሳሉ።

እንጉዳዩ ራሱ የጎደለውን ይናገራል። እግሩ ረዝሞ ባርኔጣው ትንሽ ከሆነ አየር አጥቷል። ጫፉ ደርቆ ከተሰነጠቀ እርጥበት አንሷል። ምንም ራስ ሳይወጣ ነጭ ጥጥ ብቻ እየወፈረ ከሄደ አየርና ብርሃን ይጨምሩ። ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቶ ከተዝለገለገ ውኃ በዝቷል፣ አየር አንሷል።

ባርኔጣው ጠርዙ ገና ወደ ታች እንደተጠማዘዘ ዘለላውን በሙሉ ጠምዝዘው ይንቀሉ። ከዘገዩ ነጭ ዱቄት ይበትናል፤ ይህ ዱቄት በተደጋጋሚ ሲተነፈስ ሳንባን የሚያሳምም አለርጂ ያመጣል። ትልቅ ክፍል የሚያንቀሳቅስ ሰው ማስክ ሳያደርግ መግባት የለበትም። ከ9 ኪሎ ደረቅ ማብቀያ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ከ5 እስከ 7 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው።

ከዘር እስከ መጀመሪያው ለቀማ አምስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ለዐቢይ ጾም ገበያ የሚያስብ ሰው ከቅበላው ቢያንስ አምስት ሳምንት አስቀድሞ መዝራት አለበት።

ወደ ሬይሺ መሻገር

ኦይስተር ያለ ብዙ ብክለት ከወጣልዎት አሁን ሬይሺን ይሞክሩ። ከላይ ያለው አብዛኛው ይሠራል፤ የሚለወጠውን ብቻ ልንገርዎት።

መሠረቱ ጭድ ሳይሆን የሰፋፊ ቅጠል ዛፍ ሰጋቱራ ነው፦ ግራቪሊያ፣ ወይም ጥቂት ወራት ውጭ ተከምሮ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ። የጥድ ሰጋቱራ ሙጫው ስለሚያስቸግር ይቅር። በደረቅ ክብደት 79 ክፍል ሰጋቱራ፣ 10 ክፍል ፉርሽካ፣ 10 ክፍል የደረቀ የቢራ አተላ፣ 1 ክፍል ጀሶ። ኖራ አይግባበት። ኦይስተር ኖራን ይችላል፣ እንዲያውም ከሻጋታ ያግዘዋል፤ ሬይሺ ግን በትንሹ ኮምጠጥ ያለ ማብቀያ ይወዳል። እርጥበቱ 60 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ሲጨመቅ ጠብታ ሊታይ ሲል የሚቆም። ሰጋቱራው ቢያንስ ሌሊቱን ውኃ ይጠጣ፤ ውስጡ ደረቅ የቀረ ቅንጣት እንፋሎት አይገባውም።

ሬይሺ ዘገምተኛ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ የተረፈ አንድ የሻጋታ ዘር ብዙ ሳምንት ዕድል ያገኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ መቀቀል ሳይሆን ማምከን ያስፈልጋል። በባለ ግፊት ድስት ሦስት ሰዓት። በርሜል ብቻ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ፣ 10 ሰዓት ያህል ቀቅሎ፣ ከረጢቶቹን ሌሊቱን አቀዝቅዞ፣ በማግስቱ ለጥቂት ሰዓታት ይድገመው። የመጀመሪያው ሙቀት ያልገደላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ሌሊት ይነቃሉ፤ ሁለተኛው ሙቀት ነቅተው ያገኛቸዋል። ማገዶው ብዙ ነው፤ ድስት መግዛት በረጅም ጊዜ የሚረክሰው ለዚህ ነው።

ድሩ በ25 እስከ 28 ዲግሪ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ጥጡ ሥር ነጭ ጉጥ ይወጣል። እዚህ ላይ አምራቹ ቅርጹን ይመርጣል። አየር ካነሰና የታፈነ አየር ከበዛ ሬይሺ ባርኔጣ አይዘረጋም፤ የአጋዘን ቀንድ መስሎ ቅርንጫፍ ያወጣል። አየር ከሰጡት ጠፍጣፋ ባርኔጣ ይዘረጋል። ሁለቱም ይሸጣሉ፣ ሁለቱም ይፈላሉ። እርጥበቱ ከ85 በመቶ አይውረድ፣ ሙቀቱም ከ25 በታች ብዙ አይቆይ።

የባርኔጣው ነጭ ጠርዝ ጠፍቶ እስከ ዳሩ ቀይ ቡናማ ሲሆን ደርሷል። ቡናማ ዱቄት በላዩ ማረፍ ሲጀምር ይቁረጡት። ጠቅላላው ከሦስት ወር በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ከአንድ ባለ 2 ኪሎ ከረጢት የሚገኘው የደረቀ ሬይሺም በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው። በኪሎ የሚያስብ ሰው ኦይስተር ላይ ይቆይ።

ማድረቅ

ሬይሺን በትኩስነቱ ይክተፉ። ከደረቀ በኋላ ቢላዋ አይበግረውም። ሁለቱንም እንጉዳዮች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ማድረቂያ ውስጥ፣ ወይም ስስ ጨርቅ በተሸፈነ ወንፊት ላይ በጥሩ ፀሐይ ያድርቁ። ኦይስተር ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል። አየር በማይገባው ማሰሮ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ቀኑና የማብቀያው ዓይነት ተጽፎበት ይቀመጥ። ማብቀያውን መጻፍ ለራስ ብቻ አይደለም፤ የቡና ገለፈት የተጠቀመ አምራች ካፌይን ለማይስማማው ገዢ ሊነግረው ይገባል።

አጠቃቀምና ሽያጭ

በቻይና ፋርማኮፒያ፣ ማለትም በአገሪቱ ይፋዊ የመድኃኒቶች መጽሐፍ፣ የተቀመጠው የሬይሺ መጠን በቀን ከ6 እስከ 12 ግራም ደረቅ፣ ተፈልቶ ነው። በዝግታ እሳት አንድ ሁለት ሰዓት ይንተከተካል። መራራ ነው፤ ማርና ዝንጅብል ያቀልሉታል።

ስለ ጥቅሙ ደግሞ ሳይጋነን እንዲህ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ግምገማ ተቋም በ2016 ባደሰው ግምገማ ሬይሺን ለካንሰር ቀዳሚ ሕክምና አድርጎ ለመጠቀም በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፤ ከተለመደው ሕክምና ጎን እንደ ድጋፍ ሊታሰብ እንደሚችል ግን አመልክቷል። በ2015 ባወጣው ሌላ ግምገማ ደግሞ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምተኞች የልብና የደም ሥር ሥጋትን ይቀንሳል የሚለውን ማስረጃው አይደግፍም። በገበያ «ስኳር ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጠውን በዚህ ሚዛን ይመልከቱት።

ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ያለ፣ የሰውነት አካል ንቅለ ተከላ ተደርጎለት በሽታ መከላከያን የሚያረግብ መድኃኒት የሚወስድ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ሐኪም ሳያማክሩ ሬይሺ አይውሰዱ። የሬይሺ ዱቄት ከወሰዱ ሰዎች መካከል የጉበት ጉዳት የደረሰባቸው ተመዝግበዋል።

ትኩስና ደረቅ ኦይስተር እንደ ምግብ ይሸጣል፣ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች ይወስዱታል። ማሸጊያው ላይ «ይህን በሽታ ይፈውሳል» የሚል ቃል ከጻፉ ግን ምርቱ ወደ መድኃኒት ወሰን ይገባል፤ ያ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይመለከታል። ስሙን፣ ክብደቱን፣ የተመረተበትን ቀንና አፈላሉን ብቻ ይጻፉ።

ያለቀውን ማብቀያ

ሦስት ዙር የሰጠ ከረጢት ክብደቱ ቀሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ተሰባባሪ ይሆናል። በዚያው ቀን ከማፍሪያ ክፍሉ ያውጡት፤ ትንኝ የሚራባው እዚያ ነው። ላስቲኩን ገፍፈው ከአትክልት ቦታ ራቅ አድርገው ከከብት እበት ጋር ይከምሩት፣ በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት፤ ሲጠቁርና ሽታው ሲጠፋ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ይሆናል። አረንጓዴ የነካውን ለከብት አይስጡ፣ ከዘር ክፍሉ ነፋስ በሚመጣበት በኩልም አይከምሩት። የሬይሺው ሰጋቱራ ከደረቀ በኋላ ለሚቀጥለው በርሜል ማገዶ ይሆናል።